ከፍ ያለች መኪና ሁሉ የገጠር መኪና አይደለችም
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተነገረ)



የምንናገረው ስለ አውቶሞቢል ዓይነቶች ሲሆን፥ ነገሩ የተነሣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጭቃ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከፍ ያለች አዲስ መኪና ይዘው ከበራችን አጠገብ ካለው ማጥ ገቡ። የፊት ጎማዎቿ በከንቱ ሲሽከረከሩ የኋላዎቹ ከቶ አልተነቃነቁም። ገፍተን ካወጣናት በኋላ፥ «ይህች መኪና የጭቃና የዳገት አይደለችምን?» ብለን ተጠያየቅን። መልሱን ለማግኘት አራት ዓይነት መኪናዎችን አነጻጸርን።

መጀመሪያ የጥንቱ የገጠር መኪና ነው። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ትርኢት ለሕዝብ ቀረበ። የዚህ ወገን ቦዲው የተቀመጠው ጠንካራ በሆነ የብረት ሻንሲ ላይ ነው። ሞተሩ አራቱንም ጎማ ለማዞር ይችላል፤ ቀስ ብሎ በታላቅ ጉልበት የሚያወጣ ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽም አለው። ነገር ግን ክብደቱ ብዙ ነው፤ ነዳጅም ይፈጃል።

ሁለተኛው ስቴሽን ዋገን ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረውን ፔጆ 504 ስቴሽን ወላጆቻችን ያስታውሱታል። ጣሪያው እስከ ኋላ ስለተዘረጋ ዕቃ ይይዛል፤ ዝቅ ያለ ስለሆነም በመታጠፊያ ላይ የተረጋጋ ነው። ጉድለቱ ሆዱ ድንጋይ መምታቱ ነው።

ሦስተኛው ሚኒቫን ነው። በአሜሪካ የክራይስለር፥ በፈረንሳይ የሬኖ ኤስፓስ፥ እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ወጡ። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ አያቶቻችን ሳይቸገሩ ይገቡበታል፤ ሰባት ሰውም ያለ መጨናነቅ ይቀመጥበታል። ለጭቃ ግን አልተሠራም።

አራተኛው ክሮስኦቨር የሚባለው ነው። ቶዮታ ራቭ 4 እ.ኤ.አ. በ1994 ከቀደሙት አንዱ ሆኖ ወጣ። ሻንሲውና ቦዲው እንደ ከተማ አውቶሞቢል አንድ ወጥ ሲሆን፥ ቁመቱ ብቻ ከፍ ብሏል። ብዙዎቹ በሁለት ጎማ ብቻ የሚሳቡ ናቸው፤ በአራቱ የሚሳቡትም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛው ማርሽ የላቸውም። ይሁን እንጂ ጉድጓድ ለበዛበት የከተማ መንገድና ለደህና ጠጠር መንገድ ተስማሚ ናቸው። እንግዲህ የእኚያ አባት መኪና አልበደለችም፤ ያልተፈጠረችለትን ሥራ ተጠየቀች እንጂ።

ከፍታም ያለ ዋጋ አይገኝም። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፥ የኮፈናቸው ቁመት ከ1 ሜትር ገደማ የሚበልጥ መኪናዎች፥ ኮፈናቸው ዝቅና ዘንበል ካለው ይልቅ የገጩትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው በ45 በመቶ ገደማ የላቀ ነው። ይህ ነገር በየማለዳው በእግራችን ለምንመጣው ለእኛ ቀላል አይደለም። ከረጅም ኮፈን ፊት የቆመ ትንሽ ልጅ ለነጂው አይታይምና።

በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ፥ በአዲስ አበባ እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ያሉ የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨሮች በዝተዋል። ሞተሩ ቢለወጥም ጥያቄው አልተለወጠም። ስለዚህ ውድ ወላጆቻችን፥ ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ሰው፥ ምን ዕቃና በምን መንገድ እንደምትወስዱ አስቡ፤ ሻጩንም የትኞቹ ጎማዎች እንደሚሳቡ ጠይቁ። መንገዱ አስፋልት፥ ቤተ ሰቡ ሰባት ሆኖ ሳለ ለከፍታ ብቻ ገንዘብ ማፍሰስ፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ጎረቤት ምን ገዛ ሳይሆን፥ ቤታችን ምን ያስፈልገዋል ብሎ መጠየቅ የተማረ ሰው ምልክት ነው እንላለን። ማጡ ግን ዘንድሮም በበራችን አለና፥ በክረምት ስትመጡ መኪናችሁን ከወዲያ ማዶ እንድታቆሙ በአክብሮት እንለምናለን።