ልጁ ከማን ጋር ይደግ? በልጅ አስተዳደግ ክርክር የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

በሐይቅና በአምባሰል ለሚያገለግሉ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



ባልና ሚስት ሲጣሉ አስቀድሞ የሚሰማው የንስሐ አባት ነው። ዕርቅ ካልሆነ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ መሬቱ፣ ከብቱና የቤቱ ዕቃ ተቆጥሮ ይከፈላል። የልጆች ነገር ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ይነሣና «ታናሹ ከእናቱ፣ ታላቁ ከአባቱ» በሚል ቃል ይዘጋል። ከዓመት በኋላ ጠብ ሲነሣ ያን ቃል የሚያስፈጽመው አካል አይገኝም። ዛሬ ልናሳስባችሁ የወደድነው አንድ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ያስማማው የልጅ ጉዳይ በጽሑፍ ሰፍሮ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ፣ ለልጁ ዋስትና አይሆነውም።

በክልላችን የሚሠራበት ሕግ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውና ጤናቸው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ቀለባቸውን ማን እንደሚሰጥ፣ አብሯቸው የማይኖረው ወላጅ መቼ እንደሚያያቸው አብሮ ይወስናል። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። ሁኔታው ከተለወጠ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል። የዚህ ሁሉ መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው፤ ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል።

በየአጥቢያው የሚሰሙ ሦስት የተሳሳቱ አሳቦች አሉ። አንደኛው «ልጅ እስከ አምስት ዓመት የእናት ነው» የሚለው ነው። ይህ የመጣው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ይህን የዕድሜ ድንበር ትቶታል፤ ዛሬ ዕድሜ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። ሁለተኛው «ልጅ የአባቱ ዘር ነውና ወደ አባቱ ይመለስ» የሚለው ነው። ሦስተኛው «ሀብት ያለው ያሳድግ» የሚለው ነው፤ ገቢ ይመዘናል፣ ነገር ግን የጎደለውን ቀለብ ሊሞላ ስለሚችል ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጅ አይነጥልም።

ሁለተኛውን አሳብ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሚገባ መልሶታል። ጉዳዩ የመጣው ከደቡብ ክልል ነበር። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ለዓመታት ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ ቆይቶ አባት «ልጄ ይሰጠኝ» ብሎ ከሰሰ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ወላጅ በመሆኑ ፈረዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 3 ጠቅሶ፣ ከወላጅነት መብት በፊት የልጁ ጥቅም መታየት አለበት በማለት ውሳኔውን ሻረ። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል።

ይህ ፍርድ ለወሎ ሩቅ ነገር አይደለም። ከአካባቢያችን ብዙ እናቶች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል፤ ልጆቻቸው በአያትና በአክስት እጅ ያድጋሉ። አባት ሌላ ትዳር መሥርቶ ልጁን ሊወስድ ሲመጣ፣ አያት ያሳደገችበትን ከማልቀስ በቀር የምታሳየው ወረቀት የላትም። እናቲቱ ባለችበት አገር ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ልትልክ እንደምትችል ሊነገራት ይገባል። ልጁን ግን ማንም ከማንም ነጥቆ አይውሰድ፤ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

በፈቃድ የሚለያዩ ባልና ሚስት ስለ ልጆቻቸው ራሳቸው ሊስማሙ ይችላሉ፤ ሕጉም ይህን ይወድዳል። ስምምነቱ ግን ለፍርድ ቤት ቀርቦ የልጆቹን ጥቅም መጠበቁ ከታየ በኋላ ይጸድቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ስታስማሙ እነዚህን አስጽፉ፦ ልጁ የሚኖርበትን ቤት፣ የቀለቡን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን፣ የትምህርትና የሕክምና ወጪ የሚሸፈንበትን መንገድ፣ ሌላው ወላጅ ልጁን የሚያይበትን ቀንና በዓል። ቀለብ አልከፈለም ተብሎ ልጅን ከአባቱ መሰወር፣ ልጄን አላሳየችኝም ተብሎም ቀለብ መከልከል አይገባም፤ ሁለቱም የልጁ መብቶች ናቸው።

አንዱ ወገን ሙስሊም በሆነበት ቤት ደግሞ፣ ጉዳዩ በሃይማኖት ፍርድ ቤት የሚታየው ሁለቱም ሲፈቅዱ ብቻ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ይደነግጋል፤ ማንም አይገደድም።

የሕግ እገዛ ለሚሻ ሰው መንገዱ ቅርብ ነው። የተሁለደሬ ነዋሪ ሐይቅ ላይ፣ የአምባሰል ነዋሪ ውጫሌ ላይ ካሉት የወረዳ ፍርድ ቤትና የፍትሕ ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጀምር። ደሴ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለተቸገሩ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ሊያመለክት ይችላል።

የአጥቢያውም ድርሻ ትልቅ ነው። በአርባና በሰማንያ ቀን የሚጠመቁትን ሕፃናት ስም፣ የወላጆቻቸውን ስምና ቀኑን በመዝገብ በጥንቃቄ ጻፉ፤ የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት ይህ መዝገብ የልጁን ዕድሜና ወላጆች ለማስረዳት ይረዳል። ወላጆች ልደቱን በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንዲያስመዘግቡም ምከሩ። የሰበካ ጉባኤው አቤቱታ የሚያጽፍና አቅመ ደካማዋን እስከ ወረዳው የሚሸኝ አንድ ሰው ይመድብ። በኑዛዜ የሰማችሁትን ግን ምስጢር ጠብቁ፤ ምስክርነታችሁ በዐይን ባያችሁት የልጁ አኗኗር ላይ ይወሰን።

ንጉሥ ሰሎሞን በሁለቱ ሴቶች መካከል ሲፈርድ እውነተኛዋን እናት የለየው፣ ልጇ እንዲኖር ስትል ክርክሯን ለመተው በመፍቀዷ ነበር። እኛም በሽምግልና ስንቀመጥ «ማን ያሸንፍ?» ከማለት በፊት «ልጁ የት ይሻለዋል?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ አድርገን ወደ ፍርድ ቤት እናድርስ።