ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ውኃ አትከልክሉት



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ተቅማጥ ነው። ብዙ እናቶች «ውኃ ከጠጣ ይብስበታል» በማለት የታመመውን ልጅ ውኃ ይከለክሉታል። ይህን የሚያደርጉት ለልጁ አስበው እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ የእኔም እናት በልጅነቴ እንዲሁ ታደርገኝ ነበር። ነገር ግን ተቅማጥ ሕፃንን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ውኃንና ጨውን ከሰውነቱ አሟጦ በማውጣት ነው።

ቤት ከድንጋይ ተደርድሮ እንደሚሠራ ሁሉ፣ የሰውም ገላ በዓይን ከማይታዩ ሕዋሳት የተሠራ ነው። የአንጀታችን ውስጠኛው ግድግዳ የተለበጠው በእነዚሁ ሕዋሳት ነው። በተቅማጥ ጊዜ ጨው ብቻውን ቢመጣ ወደ ሕዋሱ እንደ ልቡ አይገባም። ስኳር አብሮት ሲመጣ ግን ለሁለቱ የሚከፈት አንድ በር አለ፤ ይህ በር ኮሌራ በያዘው ሰው አንጀት እንኳ አይዘጋም። ጨው ከገባ ውኃ ይከተለዋል። ቋንጣ ስትሠሩ ጨው የነካው ሥጋ ውኃ ሲያወጣ አይታችሁ የለም? ውኃ ጨው ወዳለበት ስለሚሄድ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ከባንግላዴሽ ጦርነት ሸሽተው ሕንድ አገር በሰፈሩት ስደተኞች መካከል ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀ ሲሄድ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና የስኳር ዘር የሆነውን ግሉኮስ በውኃ አስበጥብጠው ሕመምተኞቹ እንዲጠጡ አደረጉ፤ ብዙ ሰውም ዳነ።

እንግዲህ እናንተም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት ከጤና ኬላ አምጡ፤ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። ባይገኝ አንድ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ከዚያም ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ጨምራችሁ አሟሙ። ጨው እንዳይበዛ ተጠንቀቁ፤ ከበዛ እንደ ቋንጣው ከልጁ ሕዋሳት ውኃውን ይስባል። ባስቀመጠው ቁጥር ግማሽ የሻይ ብርጭቆ፣ ሁለት ዓመት ካለፈው አንድ ብርጭቆ፣ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ቆይታችሁ ቀጥሉ። ጡት አታስጥሉት። የተረፈውን በማግስቱ ድፉት።

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ከታየ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመንገድም አጠጡት።

ከሁሉ በፊት ግን በሽታው ከቤት እንዳይገባ፣ ከመጸዳጃ ስትመለሱና ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።