በስልክ የሚሰጥ አገልግሎት በአርሶ አደሩ ዘንድ የሚለመደው መቼ ነው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፣
ክቡራን የአስተዳደርና የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣

እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም። መንግሥት በስልክና በኮምፒዩተር የሚሰጣቸው አገልግሎቶች በአንዱ ዘንድ ቶሎ፣ በሌላው ዘንድ ዘግይተው የሚለመዱት ለምንድን ነው የሚል ነው።

ጉዳዩ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ አርሶ አደር የሩቅ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ፤ በዚያው ዓመት የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ። መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎትም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ።

አርሶ አደሩ አዲስ ነገር አይወድም ሲባል እሰማለሁ። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ራያንና ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ አዮዋ ግዛት የዲቃላ በቆሎ ዘር እንዴት እንደተስፋፋ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ገበሬዎቹ ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት በአብዛኛው ከሻጮች ቢሆንም ለመዝራት እንዲቆርጡ ከሁሉ በላይ ተጽዕኖ ያሳደሩባቸው ግን ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን አመልክተዋል። የእኛም ሰው እንዲሁ ነው። ማን ይናገር የነበረ!

ስለሆነም አገልግሎቱ እንዲለመድ የሚያደርጉ አራት ነገሮችን ላንሳ።

አንደኛ፣ ጥቅሙ መታየት አለበት። ክፍያውን በስልክ የፈጸመ ሰው ተመልሶ "ደረሰኙን ፎቶ ኮፒ አድርገህ አምጣ" ከተባለ ድካሙ እጥፍ ሆነ እንጂ አልቀነሰም። የጠዋት ወተቱን አስረክቦ ወደ ጽሕፈት ቤት የሚሮጥ አባል አንድ የሥራ ቀን ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ቀላልና በራስ ቋንቋ የሚሰማ መሆን አለበት። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር በነጻ፣ በድምፅ፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ምክር መስጠቱ ማንበብ የማይችለውንም አስጠቅሟል።

ሦስተኛ፣ መረጃው መጣጣም አለበት። በይዞታ ማረጋገጫው፣ በማኅበሩ መዝገብና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል ከተለያየ ኮምፒዩተሩ ሰውየውን ሌላ ሰው ያደርገዋል። ሲም ካርዱ በባሏ ስም የወጣ ሴት አባልም በራሷ ስም ለመገልገል ትቸገራለች። በሥራ ብዛት የጣት አሻራው የደበዘዘ አባል ደግሞ ለፋይዳ ለመመዝገብ አይስጋ፤ ምዝገባው በነጻ ነው፤ የዓይንና የፊት ምስልም ይወሰዳል።

አራተኛውና ዋናው እምነት ነው። አንዳንድ አባላት የሚስጥር ቁጥራቸውን ለሚያግዛቸው ሰው ሲነግሩ አያለሁ። የሚስጥር ቁጥር የጎተራ ቁልፍ ነው። ጎተራውን ለማያውቁት ሰው ከፍቶ የሚሄድ አርሶ አደር አላየሁም። አንድ አባል በዚህ መንገድ የከብት መሸጫ ገንዘቡን ቢያጣ፣ የሚሸሸው እሱ ብቻ ሳይሆን ወሬውን የሰማው መንደር ሁሉ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በእኔ አስተያየት እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከአባላት ልጆች መካከል ሁለት ታማኝ ወጣቶችን፣ አንዲቱን ሴት፣ መርጦ በገበያ ቀን በማኅበሩ ሱቅ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው። ወጣቶቹ ያሳያሉ፤ የሚስጥር ቁጥሩን የሚጫነው ግን ራሱ አባሉ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊም የአባላትን ስም ከመታወቂያቸው ጋር እያመሳከረ ያስተካክል። አባሉ መጀመሪያ በትንሽ ክፍያ ይሞክር፤ አዲስ ዘርም የሚሞከረው በጥማድ መሬት ሳይሆን በመደብ ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በስልክ ያለቀ ጉዳይ በወረቀት አይደገም። እንዲሁም ኔትወርክና መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ ስልክ ለሌላቸው አባቶችና እናቶችም፣ የወረቀቱ መስኮት አይዘጋ። መስኮቱ ክፍት መሆኑን ያወቀ ሰው አዲሱን ያለ ፍርሃት ይሞክራል፤ ተገዶ የገባ ግን በሩን እስኪያገኝ ነው የሚቆየው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ማኅበራችን ሸክሙን ይካፈል።