የእንግዳው ገንዘብ ደባርቅ ይደር

ወንድ አቅራቢ፦ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ በ2017 ወጣ። ከዚያ ተርታ እንዲወጣ ከባድ ዋጋ ከከፈሉት መካከል በፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ይገኙበታል፤ የእርሻና የግጦሽ መሬታቸውን ትተው የፓርኩ መግቢያ በሆነችው በደባርቅ ከተማ ሰፍረዋል። ስለዚህ እንግዳ የሚያድርበት ቤት ጉዳይ የፍትሕ ጉዳይ ነው እላለሁ። ሎጅ ለሠራተኛው ደመወዝ ይከፍላል፣ ያም ቀላል አይደለም፤ የአልጋው ኪራይ ግን ለባለሀብቱ ነው። አንድ ቤተሰብ ትርፍ ክፍሉን ቢያከራይ ግን ገንዘቡ በቀጥታ ጓዳው ይገባል።

ሴት አቅራቢ፦ እንግዳው የመጣው ገደል አፋፍ ላይ ሊያድር ነው፣ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል የሚሉህ አሉ እኮ።

ወንድ አቅራቢ፦ ፓርኩ ውስጥ ባሉት የሳንቃበርና የጨነቅ ካምፖች ይደር፣ ማን ከለከለው! ነገር ግን ከጎንደር በዳባት በኩል የመጣ ሰው የመግቢያ ፈቃዱን የሚያወጣው፣ አስጎብኚና ጠባቂ የሚይዘው ደባርቅ ነው። ከመውጣቱ በፊትና ሲመለስ አንዳንድ ሌሊት ቢያድር በቂ ነው።

ሴት አቅራቢ፦ ንጽሕናውና የውኃው እጥረትስ?

ወንድ አቅራቢ፦ እውነተኛ ችግር ነው፤ ሳይፈተሽ የሚከራይ ቤት የከተማውን ስም ያጠፋል። ግን መፍትሔ አለው። አስጎብኚዎችና ባለበቅሎዎች በተራ የመሥራት ልምድ አላቸው፤ አከራዮችም በማኅበር ተደራጅተው፣ ቤታቸው ተፈትሾ፣ እንግዳ በተራ ይቀበሉ። የከተማው አስተዳደር ፍተሻውን ይጀምር፤ ቅድሚያውም ከግጭ ለመጡት ይሁን።