መድኃኒት ተብሎ ስለሚጠራው መርዝ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ

በጎንደር አጠገብ በፀዳና በአካባቢው ያለ ገበሬ፥ በሽምብራው ላይ ጓይ ትል፥ በጤፉም ላይ አረም በበረታበት ጊዜ ከገበያ ገዝቶ የሚረጨውን ነገር «መድኃኒት» ብሎ ይጠራዋል። መድኃኒት ማለት አዳኝ ማለት ነው፤ ይህ ግን አዝመራውን ቢያድን እንኳ ለሰው መርዝ ነው። ስሙ ስለሚያታልል አንዳንዱ በባዶ እጁ ይበጠብጠዋል፤ አንዳንዱ ከእህል ጋራ ያኖረዋል፤ አንዳንዱም ቅማል ለማጥፋት በራሱ ፀጉር ላይ ያፈሰዋል።

መርዝ በአፍ ብቻ የሚገባ አይደለም፤ በቆዳና በትንፋሽም ይገባል። ማላታዮንና ዲያዚኖን የሚባሉት ነርቭን የሚያሳርፈውን ኢንዛይም ስለሚያግዱ፥ የተመረዘው ሰው ላብና ምራቅ ይበዛበታል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻም ትንፋሹ ይደክማል። በዚህ ጊዜ ልብሱን አውልቆ፥ ገላውን በውሃና በሳሙና አጥቦ፥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው እንጂ ወተት እያጠጡ መቆየት አይገባም፤ የሚረዳው አትሮፒን በሐኪም እጅ ነውና። ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት እንዲያውቅ በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ይዞ መሄድ ይገባል።

የሚረጭ ሰው ጓንት፥ ቦት ጫማ፥ እጅጌው ረጅም ልብስና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። ነፋሱ መርዙን ወደ እርሱ እንዳይመልሰው ጀርባውን ለነፋሱ ይስጥ። የተዘጋውን የመርጫ ቀዳዳ በአፉ አይንፋ፤ ሳይታጠብም አይብላ። ባዶውን ዕቃ 3 ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን ወደ መርጫው ይጨምር፤ ዳግመኛም ውሃ ወይም ዘይት እንዳይቀዳበት ይብሳው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መርዝ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ነገር ግን አዋጅ ማሳ ድረስ የሚደርሰው በሚያነብ ሰው ነው። ማንበብ ላልቻለም በዕቃው ግርጌ ያለው ቀለም ምልክት ነው፤ ቀይ ከሁሉ የበረታ፥ ቀጥሎ ቢጫ፥ ከዚያ ሰማያዊ፥ በመጨረሻ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴውም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይያዝም።

ስለዚህ መምህሩ ልጆች ባዶውን ዕቃ እንዳይነኩ፥ የቀለሙንም ትርጉም ለወላጆቻቸው እንዲያስረዱ ያስተምር። ሽማግሌውም በእድርና በሰንበቴ በተሰበሰበ ጊዜ የመርዝ ዕቃ በቤት እንዳይቀር ያሳስብ፤ ይህንንም ነገር «መድኃኒት» ሳይሆን «መርዝ» ብሎ ይጥራው።