ትንሹ ፓርቲ ለምን አይሰማም?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ዕረፍት እኛ የሐርቡ ልጆች ወደ አገራችን ስንወርድ፥ በገበያ ቀን ማሾና ማሽላ ሊሸጡ የመጡ አባቶችን «ስንት የፖለቲካ ፓርቲ ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅን። አብዛኞቹ አንድ ወይም ሁለት ጠሩ። አንድ ሽማግሌ ግን «ልጆቼ፥ ሌሎቹ ቢኖሩስ ማን ነገረን?» አሉን። ዛሬ በፊታችሁ ያቆመን ይኸው ጥያቄ ነው።

ሕጉ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29፥ በመንግሥት ገንዘብ ወይም ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ ይመራ ይላል። በ1997ቱ ምርጫ ክርክሩ በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሕዝቡ አማራጭ ሰማ፤ ተቃዋሚዎችም ከዚያ በፊት አግኝተው የማያውቁትን ያህል መቀመጫ አገኙ።

ከዚያ በኋላስ? ነፃው የአየር ሰዓት ሲከፋፈል፥ ፓርቲው በምክር ቤት ያለው መቀመጫና ያቀረበው ዕጩ ብዛት ከመመዘኛዎቹ መካከል ሆኑ። በ2002 ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ደግሞ ሁሉንም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መቀመጫ የሌለው ሰዓት ያንሰው ነበር፤ ሰዓት ያነሰው አይታወቅም፤ ያልታወቀው አይመረጥም፤ ያልተመረጠውም መቀመጫ የለውም። በሰኔ 2013ም ብልፅግና 410 መቀመጫ ሲያገኝ አብን 5፥ ኢዜማ 4 አገኙ። የዚህ ሁሉ ምክንያት የአየር ሰዓት ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ያልተሰማ ሰው ተሸነፈ ለማለትም ያስቸግራል።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። ትንሹ ፓርቲም የራሱ ጥፋት አለበት። ምርጫ ሲደርስ ብቻ ይነሣል፤ መግለጫው ረጅም ነው፤ ስለ ማሾ ዋጋና ስለ መስኖ ውሃ ግን አንድ ቃል የለበትም። ጋዜጠኛውም በበኩሉ የሚኒስትሩን ጉዞ ይከተላል፤ ትንሹን ፓርቲ የሚያስታውሰው መሪዎቹ ሲጣሉ ወይም ሲታሰሩ ነው።

ጓደኞቻችን፥ ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት ይህችን በስቴንስል የምትባዛውን ጋዜጣችንን እንመልከት። ገጿን የሚሞሉት አባላቸው የበዛ ክበቦች አይደሉምን? ስምንትና ዐሥር ሆነው የሚሰበሰቡት መቼ ጻፉባት? እኛም አዘጋጆቹን ስንረዳ «ማን ያነበዋል?» እያልን የትናንሾቹን ጽሑፍ ወደ ኋላ አስቀርተናል። በዚህ ጥፋተኞች ነን።

ስለዚህ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን፤ ከየእትሙ አንድ ገጽ በዕጣ ለትናንሽ ክበቦች ይሰጥ፤ ጸሐፊውም ስለ ራሱ ክበብ ታላቅነት ሳይሆን ተማሪውን ስለሚነካ አንድ ጉዳይ ይጻፍ። በአንድ ገጽ ፍርድን ያልተለማመደ፥ ነገ ራዲዮ ጣቢያ ቢሰጡት ከየት ያመጣዋል?

ያን ጊዜ ወደ ሐርቡ ስንመለስ ለሽማግሌው የምንመልሰው ይኖረናል።