ሐዘኑን እንካፈል፣ ሥጋውን እንቅበር

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በቦንጋ ከተማ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





በዚህ መድረክ ላይ ስለ ቡና ጥራት፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተብሏል፤ ገናም ይባላል። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ የቤት እንስሳት ጤና ነው። አዘጋጆቹ «ስለ ክትባት ጥቂት በልልን» ነበር ያሉኝ። ስለ ክትባትም እናገራለሁ። ነገር ግን በእንስሳት ጤና ሥራ በየቀበሌው ስዞር ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። አርሶ አደሩ ትልቁ አደጋ ላይ የሚወድቀው እንስሳው ሲታመም ብቻ አይደለም። እንስሳው ከሞተ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ከሐዘንና ከድንጋጤ የተነሣ በሚያደርገው ነገር ጭምር ነው። ዛሬ በዚህ ላይ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

በሬ ሲሞት ቤቱ ምን እንደሚሆን እዚህ ለተቀመጣችሁት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሞተው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ልጆች በስሙ የሚጠሩት፣ ሲመሽ በረት ለመግባት መንገዱን የሚያውቅ፣ ጌታው ሲናገረው ጆሮውን የሚያዞር ፍጡር ነው። ባለ አንድ በሬ ከሆነ ደግሞ መቀናጆውም አብሮ ይጎዳል፤ አንድ በሬ ሞቶ ሁለት ቤት ሳያርስ ይቀራል። ሆኖም ባለቤቱ በግልጽ እንዲያዝን አንፈቅድለትም። «ለሰው ነው እንጂ ለከብት ይለቀሳል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እናት ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ አባት በረቱ ደጃፍ ቆሞ ዝም ይላል።

በአንጻሩ ግን የአገራችን ሕዝብ ለዚህ ሐዘን ያበጀው ጥሩ ሥርዓት አለ። ጎረቤት መጥቶ «እግዜር ይተካ፣ ለልጆቻችሁ ቤዛ ይሁን» ይላል። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ደግሞ የከብት እድር አለ፤ የአንዱ አባል በሬ ገደል ቢገባ ወይም እግሩ ቢሰበር፣ አባላቱ አርደው ሥጋውን በመደብ ይከፋፈሉና ገንዘቡን አዋጥተው ለባለቤቱ ይሰጣሉ። ባለቤቱም በዚያ ገንዘብ ጥጃም ቢሆን ይገዛል። እኔ ከዚህ የተሻለ የመድን አሠራር አላውቅም። የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚባለው ቃል ከመምጣቱ በፊት አያቶቻችን ኅብረት ሥራን የሚያውቁት በዚህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በሬው በገደል ሳይሆን በበሽታ ሲሞት ነው።

ልጅ ሳለሁ የሆነውን ላጫውታችሁ። ማታ ደኅና ገብቶ ያደረ በሬያችን ጎህ ሲቀድ ወድቆ ተገኘ። ገና ትንፋሹ ሳይቋረጥ አባቴ ቢላዋ አነሣ፤ ጎረቤት ተጠራ፣ ተበለተ፣ መደብ ተደለደለ። ማንም በክፋት ያደረገው አልነበረም፤ ሁሉም አባቴን ለመርዳት ነው የመጣው። ደሙ ጥቁርና የማይረጋ መሆኑን አንድ ሽማግሌ አይተው «ይህ ነገር ደስ አይለኝም» ብለው ነበር። ነገር ግን ሥጋው ተቀብሮ ገንዘብ የሚዋጣበት ሥርዓት ስላልነበረ፣ ሽማግሌው ቃላቸውን ቢገፉበት የአባቴን ጉሮሮ እንደ መዝጋት ይቆጠርባቸው ነበርና ዝም አሉ። በሳምንቱ ቆዳውን የገፈፈው አጎቴ ክንዱ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣበት፤ አሳከከው፣ ቀጥሎም መሐሉ እንደ ከሰል ጠቆረ። ሕመም የለውም ብሎ ናቀው። ክንዱ እስከ ትከሻው ሲያብጥ ነው በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደው። በፔኒሲሊን ዳነ። እኔ ይህን ሙያ የመረጥኩት ከዚያ በኋላ ይመስለኛል።

በሽታው አባ ሰንጋ ነበር። ምልክቶቹን እዚህ ያለ ሁሉ ለጎረቤቱ እንዲነግር እፈልጋለሁ። እንስሳው ጤነኛ መስሎ ውሎ በድንገት ይሞታል። ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል። ሆዱ ቶሎ ይነፋል፤ ሬሳው ግን እንደ ሌላው አይደርቅም። እንዲህ ያለውን እንስሳ በቢላዋ መንካት አይገባም። የበሽታው ተዋሲያን ሬሳው ተከፍቶ አየር ሲያገኙ ጠንካራ ቅርፊት ያበጁና አፈር ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳይሞቱ ይቆያሉ። ዛሬ የታረደበት ሜዳ ላይ የልጅ ልጃችሁ ከብት ሲግጥ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። «አብስለን ከበላነው ምን ይሆናል?» የሚሉም አሉ፤ የእኛ ድስት ያንን ቅርፊት ለመግደሉ ምንም ማረጋገጫ የለም። ከዚህም በላይ አራጁና ገፋፊው የሚያዙት ድስቱ ሳይጣድ ነው። እንስሳው በሞተበት አቅራቢያ፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቆ፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ከነቆዳው ይቀበር። በሰው መጎተት የለበትም፤ ለጅብና ለአሞራም መተው የለበትም።

እንግዲህ የዛሬው ዋና ሐሳቤ ይህ ነው። እድሩ ይቆይ፤ መዋጮውም ይቆይ። የሚቀረው የሥጋው መደብ ብቻ ነው። በየመሠረታዊ ማኅበራችሁ ወይም በየእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፤ «በድንገት ወይም በበሽታ ለሞተ ከብት አባላት ሥጋ ሳይካፈሉ መዋጮውን ሙሉ ይከፍላሉ» የሚል። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ እኔ መቶ ጊዜ «አትብሉ» ብላችሁ ዋጋ የለውም። በሬውን ያጣ ሰው ሥጋውንም ቅበር ሲባል ሁለት ጊዜ እንዲከስር ነው የምንጠይቀው። ሰውየው ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ሌሊት አርዶ ለሩቅ ገበያ ይሸጠዋል። በዚያን ጊዜ የሚታመመው ማን እንደሆነ እንኳ አናውቅም።

አንዳንዶቻችሁ «ገንዘብ አውጥቶ ባዶ እጅ መመለስ ለአባል ይከብዳል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለሰው እድር ስንከፍል ምን ይዘን እንመለሳለን? ሐዘንተኛውን አስተዛዝነን ነው የምንመለሰው።

የከብት እልቂት ሰውን ወዴት እንደሚያደርስ ታሪካችን ያውቃል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች አማካይነት በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ወረርሽኝ የአገሪቱን በሬ ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ታላቅ ረሃብ አስከተለ። አጤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩና ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ ተጽፏል። ያንን በሽታ ሕዝባችን «ደስታ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ክፉውን በመልካም ስም መጥራት የኛው ልማድ ነው። ዛሬ ደስታ በሽታ ከምድረ ገጽ ጠፍቷል። አገራችን በ2000 ዓ.ም. ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ፤ ዓለም ደግሞ በ2003 ዓ.ም.። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። በ1986 እና 1987 ዓ.ም. በአፋር ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ይዘው ከብት ከብቱን እየተከተሉ የከተቡት ከመንደሩ ተመርጠው የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ነበሩ። ሐኪም ያልደረሰበት ቦታ የመንደሩ ሰው ደረሰ። ይህን የማነሣው የእንስሳት ክትባት የመንግሥት ሥራ ብቻ ነው ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንዳንቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ውሻ ልሂድ። የቡናና የበቆሎ ማሳ ያለው ሰው ውሻ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዝንጀሮና ከርከሮ የሚፈሩት እሱን ነው፤ ሌሊት ከማሳ ጎጆ ከልጆቻችን ጋር የሚያድረውም እሱ ነው። ነገር ግን በሬ ሲሞት «እግዜር ይተካ» የሚለው ጎረቤት ውሻ ሲሞት ይስቃል። በዚህ ምክንያት የውሻ ሐዘን ፍጹም ተደብቆ የሚያዝ ሐዘን ሆኗል። የተደበቀ ደግሞ አደገኛ ነው።

በጊምቦ ወረዳ በአንድ ቀበሌ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚወደው ውሻ ሰው ነከሰና በጎረቤት ውሳኔ በዱላ ተገደለ። ለልጁ ማንም ምንም አልነገረውም፤ «ጠፋ» ተባለ። እሱ ግን ሬሳውን ወንዝ ዳር አገኘው። በዓመቱ ሌላ ቡችላ አሳደገ። ቡችላው አንድ ቀን ጠባዩ ተለወጠና እጁን ነከሰው። ልጁ ምን አደረገ? ቁስሉን በቅጠል ጠቅልሎ ዝም አለ። ቢናገር ይህኛውም እንደሚገደልበት ያውቃላ! በሦስተኛው ቀን እኅቱ አይታ ለእናቷ ነገረች። ቡችላው በዚያው ሰሞን ሞተ። ልጁ ክትባቱ በጊዜ ደርሶለት ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። እኅቱ ባታይ ኖሮስ ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ ይጨንቀኛል።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ በፊት ግን መከላከል ይቻላል፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚባክን ቀን ሕይወት ያስከፍላል። ሽማግሌዎቻችን በሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይሰጥ የነበረውን መርፌ እያስታወሱ ልጆችን ያስፈራራሉ፤ አዲሱ ክትባት በክንድ የሚሰጥ ሲሆን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ነካሹ ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየና ያለ አደጋ ማሰር ከተቻለ ለዐሥር ቀን ታስሮ ይጠበቅ። እስከዚያው የሰውየው ክትባት አይዘግይ። ውሻው በዚህ ጊዜ ከታመመ ወይም ከሞተ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ላምና በሬም ይያዛሉ። ለሃጩ የሚዝረከረክና የታነቀ የሚመስል ከብት ስታዩ ቶሎ ብላችሁ እጃችሁን ጉሮሮው ውስጥ አታስገቡ፤ ብዙ ደግ ሰው በዚህ ራሱን ለአደጋ አጋልጧል።

በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶ ሰባው ከተከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መሄዱ ይቋረጣል። ሁሉንም መግደል ግን አያቋርጠውም፤ በሞተው ምትክ ያልተከተበ ሌላ ይመጣልና።

ውሻ መገደል ካለበት ደግሞ ለቤቱ ልጅ እውነቱ ይነገረው። ለምን እንደሆነ ይነገረው፤ ሲቀበርም ከፈለገ ከሬሳው ራቅ ብሎ ይቁም። እንዲህ የተደረገለት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ቁስሉን አይደብቅም። «የልጅ ነገር» ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናለሁ።

ጎጀብ ሸለቆ ለወረዳችሁት ወገኖቼ ስለ ገንዲ ባጭሩ ልናገር። የገንዲ ዝንብ ባለበት ቆላ የከብት መክሳትና መሞት እርግማን ሳይሆን በሽታ ነው። ከገበያ በድብቅ የሚሸጠውን መድኃኒት ገዝቶ፣ ለአንድ በሬ የሚበቃውን ለሦስት አካፍሎ መውጋት በሽታውን መድኃኒት ማስለመድ ነው። ከዚያ በኋላ እውነተኛው መድኃኒት እንኳ ቢመጣ አይሠራም። በሰማያዊና በጥቁር ጨርቅ የሚሠራው የዝንብ ወጥመድም ቢሆን አንድ ሰው ብቻውን ቢተክለው ብዙ አይጠቅምም፤ መንደሩ ሁሉ መትከል አለበት። የአዲዮ በግ አርቢዎች ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የቦንጋን በግ በማኅበር ሲያራቡ ያሳዩን ይኸው ነው። የተመረጠ አውራ በግ የአንድ ሰው አይደለም፤ ሲሞትም የሚያዝነው ማኅበሩ ሁሉ ነው።

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ከእናንተ የምጠይቀው አለኝ። የአባ ሰንጋ፣ የአባ ጎርባና የጉሮርሳ ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት በአገር ውስጥ ይመረታል። ኢንስቲትዩቱ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። ክትባቱ እስከ ቀበሌ ሳይሞቅ እንዲደርስ ማቀዝቀዣና ትራንስፖርት አስቀድማችሁ ያዙልን። ጊዜውም የቡና ለቀማ ሳይጀመር፣ ሰው ሁሉ ጫካ ሳይገባ ይሁን። በዚያው ቀን ውሾችም ይከተቡ። ማኅበራቱ ሰው በማሰባሰብና ከብት የሚያዝበትን አጥር በመሥራት ይተባበራሉ። ይህን ስል የአባላቱን ፈቃድ ሳልጠይቅ ቃል መግባቴ ነው፤ ይቅር በሉኝ።

የማኅበራት ሊቀመናብርት ደግሞ ወደየቀበሌያችሁ ስትመለሱ ያችን የደንብ ዓረፍተ ነገር ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ እንድታስይዙልኝ አደራ እላለሁ። ጽሑፉን የሚፈልግ ካለ ከስብሰባው በኋላ ከእኔ መገልበጥ ይችላል።